ሙሉ መጥቶ ባዶውን የሚመለስ አውሮፕላን

ባለፈው ጥምቀት፣ ጥር 8 ቀን፣ የአጎቴን ልጅ ለመቀበል ከአባቴ ጋር የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ወዳለበት አዘዞ ወርደን ነበር። አባቴ መሪ ከለቀቀ ቆይቷል። ግን ዕድሜውን ሙሉ ጎንደር–ባህር ዳር የሠራ ሾፌር ነውና ሰው የሚጭን ነገር ሲያይ ዝም ብሎ አያይም፣ ይቆጥራል። አውሮፕላኑ አረፈ። ሰው ተግተልትሎ ወረደ፤ ነጭ የለበሰ፣ ካሜራ ያንጠለጠለ፣ ልጅ ያዘለ። ትንሽ ቆይቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱት ወጡ። ጥቂት ነበሩ። አባቴ በአጥሩ በኩል አንድ ሁለት እያለ ቆጠራቸውና ወደ እኔ ዞረ።

«ሙሉ መጥቶ ባዶውን ሊመለስ ነው እኮ። የመመለሻውን ነዳጅ ማነው የሚከፍለው?»

ማታ ቡና ላይ የአጎቴ ልጅ የጣሊያን ወሬ ጀመረ። ከቤርጋሞ ተነስቶ ሌላ አገር ለመድረስ 20 ዩሮ እንደከፈለ ሲናገር ቤቱ ጸጥ አለ። ጎረቤታችን እትዬ «ታዲያ እኛ ጋ እንዲህ ያለውን ለምን አንድ ሰው አይከፍትልንም?» አሉ። ከዚያ በኋላ ሁሉም መልስ ነበረው። አንዱ ስግብግብነት ነው አለ፣ አንዱ ፈቃድ አይሰጡም አለ፣ ሌላው ነጮቹ መንግሥት ስለሚደጉማቸው ነው አለ። እኔ ይሄን ጉዳይ ለዓመታት ስከታተለው ኖሬያለሁ፣ በጣምም እወደዋለሁ፤ ግን ስኒ በሚቀባበልበት ቤት ውስጥ በሁለት አረፍተ ነገር የሚነገር አይደለም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ በእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ቲኬት ማርከስ ማንም ይችላል። ገንዘብ ያለው ድርጅት ለሦስት ወር በኪሳራ ሊሸጥ ይችላል። ርካሽ አየር መንገድ የሚባለው ግን ወጪው ራሱ የረከሰ ነው፣ 20 ዩሮ ሸጦም ቤቱ የማይፈርስ። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፣ የሚቀጥለው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል።

የአባቴን ቅጥቅጥ ላንሳ። ጠዋት 12 ሰዓት ከጎንደር ይነሳል። ማክሰኝት፣ አዲስ ዘመን፣ ወረታ፣ ባህር ዳር፤ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሄዶ መመለስ፣ ማለትም ሁለት ቢያጆ፣ ሁሉም ሾፌር የሚሠራው ነው። ባህር ዳር መናኸሪያ ቶሎ ጭኖ ከወጣ ግን ሦስተኛ ቢያጆ ይጨምራል፣ ከዚያ ባህር ዳር ያድራል። የረዳቱ ደሞዝ ያው ነው። የኢንሹራንሱ ክፍያ ያው ነው። የባንክ ዕዳው ያው ነው። ሁለቱ ቢያጆ ወጪ ይሸፍናሉ፣ እኛን ያስተማረን ሦስተኛው ነው። ለዚህ ነው አባቴ መናኸሪያ ውስጥ ሻይ የማይጠጣው። ሌላው ሾፌር ተቀምጦ ፍርፍር ሲያዝ እሱ ጎማ እየነካካ ረዳቱን ያጣድፋል። የቆመ መኪና አያበላም ይላል፣ እስካሁንም ይላል።

አሁን ወደ አሜሪካዋ ቴክሳስ እንሂድ። ሳውዝዌስት የሚባለው አየር መንገድ በ1971 በረራ ሲጀምር ሦስት ከተሞችን ብቻ ነበር የሚያገናኘው፤ ዳላስን፣ ሂውስተንንና ሳን አንቶኒዮን። በዓመቱ ገንዘብ አጠረውና ከአራት አውሮፕላኖቹ አንዱን ሸጠ። አውሮፕላን የሸጠ ድርጅት በረራ ይቀንሳል፣ የታወቀ ነው። እነሱ ግን የአራቱን ፕሮግራም በሦስቱ እንሠራዋለን ብለው ተነሱ። አውሮፕላን አርፎ፣ ሰው አውርዶ፣ ሰው ጭኖ በ10 ደቂቃ ውስጥ እንዲነሳ አደረጉ። አስቡት፣ 10 ደቂቃ! ዛሬ እንደዚያ አይቻልም፣ አውሮፕላኑም ትልቅ ነው፣ ፍተሻውም በዝቷል፤ የአውሮፓው ራያንኤር አሁን የሚያልመው 25 ደቂቃን ነው። ሐሳቡ ግን ያው የአባቴ ሦስተኛ ቢያጆ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ደግሞ ሌላው ውሳኔ ሁሉ ይቺን ደቂቃ ለማትረፍ የቆመ መሆኑ ነው። ምግብ የለም ማለት የምግብ መኪና መጠበቅ የለም ማለት ነው፣ ወለሉም ቶሎ ይጸዳል። ያኔ ወንበር በቁጥር አልነበረም፣ ልክ እንደ ሚኒባስ ቀድሞ የገባ መስኮት ዳር ይይዝ ነበር፣ ስለዚህ ሰው አይንቀረፈፍም ነበር። ከሌላ አየር መንገድ የመጣ ሻንጣ አይቀበሉም ነበር፣ ስለዚህ የዘገየ በረራ አይጠብቁም ነበር። አውሮፕላኑ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፣ ቦይንግ 737፤ ስለዚህ ማንኛውም አብራሪ ማንኛውንም ያበራል፣ መካኒኩ አንዱን ካወቀ ሁሉንም ያውቃል፣ የመለዋወጫ መጋዘኑም አንድ ነው። አባቴም ሁለተኛ መኪና ሲገዛ ያንኑ አይሱዙ ነው የገዛው። ሌላ ሞዴል በርካሽ አግኝቶ ነበር። «ከአንዱ ነቅዬ ለሌላው የማልገጥምለትን ምን አደርገዋለሁ?» አለ።

የዋጋ ጦርነቱን ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ1973 ብራኒፍ የሚባል ትልቅ ተፎካካሪ በዳላስ–ሂውስተን መስመር ዋጋውን 13 ዶላር አደረገው። ያ መስመር ሳውዝዌስት የሚያተርፍበት ብቸኛ መስመር ነበር፣ ዋጋውም 26 ዶላር። 13 ቢያደርገው ይሞታል፣ 26 ላይ ቢቀር ደግሞ ሰው ጥሎት ይሄዳል። ምን አደረገ? ለተሳፋሪው ምርጫ ሰጠው፤ ከፈለግክ 13 ክፈል፣ ሙሉውን 26 ከከፈልክ ግን አንድ ጠርሙስ ውስኪ በስጦታ ውሰድ። ብዙዎቹ ሙሉውን ከፈሉ! ምክንያቱም በዚያ መስመር የሚመላለሰው አብዛኛው ለሥራ የሚሄድ ሰው ነው። ቲኬቱን የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ ነው፣ ውስኪው የሚገባው የራሱ ቤት ነው። በዚያው ዓመት ሳውዝዌስት ለመጀመሪያ ጊዜ አተረፈ፣ ከዚያ ወረርሽኙ እስከመጣበት እስከ 2020 ድረስ አንድም ዓመት ሳይከስር ኖረ። ደንበኛህን ማወቅ ማለት ይሄ ይመስለኛል። ገንዘቡ ከየትኛው ኪስ እንደሚወጣ ሳይቀር ማወቅ።

የሚፎካከሩትም ከትልልቆቹ አየር መንገዶች ጋር ብቻ አልነበረም። አብዛኛው ሰው ከዳላስ ሂውስተን በመኪናው ይሄድ ስለነበር የሳውዝዌስት ዋጋ የሚነጻጸረው ከቤንዚን ጋር ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ ወደ ጎንደር ስንመለስ ያስፈልገናል።

አውሮፓ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ኢዚጄት በ1995 ከለንደን አጠገብ ከምትገኘው ሉተን ወደ ስኮትላንድ በ29 ፓውንድ መብረር ሲጀምር አውሮፕላኑ ላይ የስልክ ቁጥሩን በትልቁ ጻፈ። በቀጥታ ደውላችሁ ግዙ ነው ነገሩ፣ የቲኬት ወኪል ኮሚሽን አይቆርጥም። መናኸሪያ ውስጥ የሠራ ሰው ይሄን ወዲያው ይረዳዋል። በየሰዉ የሚቀበለው ደላላ ቢያጆው ሲያልቅ ምን ያህል እንደበላ አባቴ ሁልጊዜ ያሰላ ነበር።

ራያንኤር ደግሞ ከሁሉም ጨካኙ ነው፣ ከሁሉም የተሳካለትም እሱ ነው። አለቃው ማይክል ኦሊሪ በ90ዎቹ መጀመሪያ ቴክሳስ ድረስ ሄዶ የሳውዝዌስትን አሠራር ካየ በኋላ ከዚያም አልፎ ሄደ። ለሻንጣ ይከፈላል፣ ለወንበር ምርጫ ይከፈላል፣ ለውሃ ይከፈላል። የትልልቆቹ አውሮፕላን ጣቢያዎች ክፍያ ውድ ስለሆነ ራቅ ያሉትን ይመርጣል። ፍራንክፈርት ሀን ብሎ የሚሸጠው ማረፊያ ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ጎንደር ብሎ ሸጦ ወረታ ላይ እንደማውረድ ነው። የአጎቴ ልጅ የሚነሳባት ቤርጋሞም ሚላን ተብላ ነው የምትሸጠው። እኔ ይሄኛውን አልወደውም። ሰው የሚሄድበትን ቦታ ስም በግልጽ ማወቅ አለበት። ግን ርካሹ ዋጋ ከየት እንደሚመጣ ያሳያል፤ እነዚህ ትናንሽ ጣቢያዎች ሰው እንዲመጣላቸው ስለሚፈልጉ የማረፊያ ክፍያ ይቀንሳሉ።

ራያንኤር ከሠራቸው ነገሮች እኔ በጣም የማደንቀው በጥር 2002 ያደረገውን ነው። ከመስከረም 11 ጥቃት በኋላ ሰው መብረር ፈርቶ፣ አየር መንገዱ ሁሉ ትዕዛዝ እየሰረዘ ባለበት ጊዜ፣ እሱ 100 ቦይንግ 737-800 አዘዘ፣ 50 ደግሞ ለመጨመር መብት ያዘ። ገዢ በጠፋበት ቀን ገዢ ሆኖ ቀረበ፣ ዋጋውንም እንደፈለገ ተደራደረ። ሌሎቹ ውድ አውሮፕላን ይዘው የሱን ዋጋ እንከተል ሲሉ ለዓመታት ያልተመቻቸው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ያን ዓይነት ዕድል የሚያገኘው ደግሞ በክፉ ቀን ካዝናው ውስጥ ገንዘብ ያለው ብቻ ነው።

ትልልቆቹ ነባር አየር መንገዶች ዝም አላሉም። የአሜሪካው ኮንቲኔንታል በ1993 «ላይት» የሚል ርካሽ ክንፍ፣ ማለትም በሥሩ ያለ ርካሽ አየር መንገድ፣ አወጣ፣ በ1995 ዘጋው። ዴልታ በ2003 «ሶንግ»ን አወጣ፣ በ2006 ጠቀለለው። ብሪቲሽ ኤርዌይስ በ1998 «ጎ»ን ከፍቶ በ2001 ሸጠው፣ በዓመቱ ኢዚጄት ገዛው። የኮንቲኔንታል ነገር በተለይ ያሳዝናል። ምግቡን ቀነሱ፣ ዋጋውን ቀነሱ፣ ግን ያንኑ የተጨናነቀ ጣቢያ፣ ያንኑ የተለያየ አውሮፕላን፣ ያንኑ ሻንጣ ከበረራ ወደ በረራ የማስተላለፍ ጣጣ ይዘው ቀሩ። ስለዚህ ዋጋው ወረደ፣ ወጪው ባለበት ቆመ። የነባሩ ደንበኛ ተቀየመ፣ አዲሱም አልረካም። ሁሉም አልወደቁም፣ የአውስትራሊያው ካንታስ በ2004 በረራ ያስጀመረው ጄትስታር እስካሁን አለ። እሱ ግን ለብቻው እንዲቆም ነው የተተወው፣ የራሱ አስተዳደር፣ የራሱ የወጪ ሒሳብ።

ርካሽ መሆን ብቻውንም ዋስትና አይደለም። የአሜሪካው ርካሽ አየር መንገድ ስፒሪት በ2024 መጨረሻ ከባለዕዳዎቹ ጥበቃ ለመጠየቅ ፍርድ ቤት ገባ፣ ዓመት ሳይሞላው በነሐሴ 2025 እንደገና ገባ። ትልልቆቹ በዚህ ጊዜ ሌላ ክንፍ መክፈቱን ትተው እዚያው አውሮፕላናቸው ላይ ጥቂት ወንበር ያለ ምንም ተጨማሪ አገልግሎት በርካሽ መሸጥ ጀምረው ነበር። የስፒሪት ወጪ ደግሞ ወደ ላይ እየሄደ ነበር፣ በሞተር ችግር የቆሙ አውሮፕላኖችም ነበሩት። እና የቆመ አውሮፕላን… ታውቁታላችሁ። ሳውዝዌስት ራሱም ተለውጧል፤ ለዓመታት በነጻ ይጭነው ለነበረው ሻንጣ ከግንቦት 2025 ጀምሮ ያስከፍላል፣ ከጥር 2026 ጀምሮ ደግሞ ወንበርን በቁጥር አድርጓል። ይሄን ሳነብ ከልቤ አዘንኩ። ሻንጣና ወንበር የሚለዩት ነገሮች ነበሩ፣ አሁን ከሌሎቹ በምን ሊለይ ነው?

እሺ፣ የእትዬ ጥያቄ። እኛስ?

ከጎንደር አዲስ አበባ በመደበኛ በረራ የሚያደርሰን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። በአብዛኛው የሚጠቀመው ባለ ፕሮፔለሩን ኪው 400 ነው፣ ከ70 በላይ ሰው ይይዛል፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የዓባይ በረሃ መውረድና መውጣት አለው። መንገዱ ሰላም በሆነበት ጊዜ የአውሮፕላን ተፎካካሪ አውቶቡስ ነው፣ ልክ ቴክሳስ ላይ መኪና እንደነበረው። ሰላም ባልሆነበት ጊዜ ግን ምርጫ የለም። ታማሚ ያለው ሰው አውሮፕላኑን የሚያየው እንደ ቅንጦት አይደለም፣ እንደ አምቡላንስ ነው። እዚህ ላይ ስለ ዋጋ የማወራው ለዚህ ነው፤ በዚህ ከተማ ላይ የቲኬት ዋጋ የሰው ሕይወት ውስጥ ይገባል።

ግን ወጪውን ተመልከቱ። ነዳጁ ከውጭ ይገባል። መለዋወጫው፣ ኪራዩ፣ ኢንሹራንሱ በዶላር ነው። የአገር ውስጥ ተሳፋሪ የሚከፍለው በብር ነው። ሐምሌ 2016 በእኛ አቆጣጠር ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ። በብር እየሸጠ በዶላር የሚከፍል አዲስ ትንሽ አየር መንገድ ያን ወር እንዴት ይሻገር ነበር? ቦሌ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አዘዞም ወደ 2,000 ይጠጋል። አየሩ ስለሚሳሳ አንዳንድ አውሮፕላን ሲነሳ የሚይዘው ክብደት ይቀንሳል። በረራው ሁሉ ማለት ይቻላል ቦሌን ይነካል፤ ይሄ ለአየር መንገዱ ትክክለኛ ስልት ነው፣ ምክንያቱም የሱ ኃይል ዓለምን አዲስ አበባ ላይ ማገናኘቱ ነው። ከዚያ የተጨናነቀ ማዕከል ሳይወጡ ርካሽ መሆን ግን ከባድ ነው።

አፍሪካ ውስጥ ተሞክሯል። ፋስትጄት በኅዳር 2012 ዳሬሰላም ላይ በኤርባስ 319 ጀመረ። መስመሮቹ ቀጭን ነበሩ፣ 150 ወንበር በየቀኑ የሚሞላ ሰው አልተገኘም፤ በ2016 ወደ አነስተኛ አውሮፕላን ዞረ፣ በ2018 መጨረሻ ታንዛኒያ ላይ ቆመ። የደቡብ አፍሪካው ኩሉላ ከ2001 እስከ 2022 ኖረ። ለእኛ የሚቀርበው የኬንያው ጃምቦጄት ነው። ኬንያ ኤርዌይስ በ2014 ለብቻው በረራ አስጀመረው፣ ዛሬ የሚበረው በዚያው አዘዞ ላይ በምናየው ኪው 400 ነው፣ ከናይሮቢ ሞምባሳ፣ ኪሱሙ፣ ኤልዶሬት። ስለዚህ እትዬን የምመልስላቸው እንዲህ ነው፤ አንድ ባለሀብት ከሜዳ ተነስቶ የጎንደርን ቲኬት ያረክስልናል ብዬ አላምንም። የሚሆን ከሆነ ነባሩ አየር መንገድ እንደ ጃምቦጄት ያለ ለብቻው የሚቆም ልጅ ሲወልድ ነው። ስሙን ቀይሮ ወጪውን እዚያው የሚተው ከሆነ ግን እንደ ኮንቲኔንታል ይሆናል፣ ባይጀመር ይሻላል።

እስከዚያው ግን ሊደረግ የሚችል አንድ ነገር አለ፣ እሱም የአባቴ ጥያቄ ውስጥ ነው። የአጎቴን ልጅ አጥብቄ ስጠይቀው ያ የ20 ዩሮ ቲኬት ከሁለት ወር በፊት የተገዛ፣ ማክሰኞ ገና ጎህ ሳይቀድ የሚነሳ በረራ ነበር። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው በመጨረሻው ቀን ገዝቶ ብዙ እጥፍ ከፍሎ ሊሆን ይችላል። ርካሾቹ የሚሸጡት ያንን ባዶ የሚሄድ ወንበር ነው። አባቴም ያደርገው ነበር። ለጥምቀት ዋዜማ ከባህር ዳር ሙሉ ያመጣል፣ ወደ ባህር ዳር ሰው የለም። ስለዚህ ተማሪዎችን በግማሽ ዋጋ ይወስድ ነበር፣ አስቀድሞ ነግሯቸው፣ ቀኑን ቆርጦ። ሌላ ጊዜ ባዶ ሲመለስ ደግሞ ከወረታ ሽንኩርት ይጭናል። ከባዶ ወንበር ግማሽ ዋጋ ይሻላል።

እስቲ አስቡት። ከጥር 5 እስከ 10 ከአዘዞ ወደ አዲስ አበባ የሚነሱት በረራዎች ላይ ያሉት ባዶ ወንበሮች በመስከረም ወር ላይ በግማሽ ዋጋ ወጡ እንበል። ያኔ የሐኪም ቀጠሮውን በዚያ ሳምንት የሚያስይዝ ሰው አለ። ዕቃ ለማምጣት መርካቶ የሚሄድ ነጋዴ ጉዞውን ወደዚያ ያዛውራል። ከጥምቀት በኋላ ደግሞ በተቃራኒው፣ አዲስ አበባ ያለ የጎንደር ልጅ በዓሉ ቢያልፈውም እናቱን በርካሽ መጥቶ ያያል። አዲስ አውሮፕላን አያስፈልግም፣ አዲስ ድርጅትም አያስፈልግም። አውሮፕላኑ ለማንኛውም ይበራል።

ጥር 14 የአጎቴን ልጅ ልንሸኝ አዘዞ ተመለስን። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ሻንጣው ተቆልሏል። የሚወስዳቸው አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ገብቶ በሩ ሲከፈት አባቴ ወሬውን አቋርጦ ወደ አጥሩ ሄደ። ስመለከተው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሲመለስ «አሥራ አራት» አለኝ።